ዱካ የሌለበት በረዶ

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የቤቴል ስልክ በነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ አራት ጊዜ ነዘረ። አላወጣችውም። ማይክሮስኮፑ ሥር የአንዲት ነፍሰ ጡር ደም ነበር። መቶ የእይታ ክበብ ቆጥራ ሳትጨርስ ዓይኗን አንሥታ አታውቅም። ሰባ ሁለተኛው ላይ ወባውን አገኘችው፤ ያም ሆኖ እስከ መቶ ቀጠለች። ውጤቱን ጻፈች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች። ስልኩን ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእጮኛዋ ከሚልክያስ የተላኩ አራት ፎቶዎች ነበሩ። መኪና የለባቸውም። አራቱም መስመር ያለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ናቸው።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ ከደሴ ተመድባ መጥታ ሶዶ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የቆየች፣ ከመዝገቡ ቀና አለች።

«ሙሽሪት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት መኪና ላከልሽ?»

«ደብዳቤ ነው።»

«ደብዳቤ? በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ወይ የታሰረ ነው፣ ወይ የሚለያይ።» ሳህሊቱ ሳቀች። የቤቴልን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «ቀለድኩ እኮ። ሂጂ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሆነሽ አንብቢው። እኔ አለሁ።»

ለቅዳሜ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ የሚልክያስ ሽማግሌዎች ወደ ቤቴል አባት ቤት ይመጣሉ።

ይህ ቀን እንዴት እንደተገኘ ሶዶ ላይ የማያውቅ የለም። ሚልክያስ ባዳቾ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ይህንን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ የሚረሳውም የለም። በጸሎት ቤት ከሌላው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ በአንድ መዝሙር ያጨበጭባል። ልጅ መስጠት ሲመጣ ግን ሁሉም ጫማውን ያያል። የቤቴል አባት አቶ ኤርካሎ፣ በዴሳ ከተማ ላይ የእህል መጋዘን ያላቸው የተከበሩ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የልጁን ስም ሲሰሙ «ጨዋ ልጅ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው ወሬውን ወደ በቆሎ አዙረውት ነበር። እምቢታቸው ያች ናት።

ሚልክያስ ያኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ቤቴልንም ያስተማራት እሱ ነው፤ በክረምት፣ በቤሌ መንገድ ጭቃ ላይ። በኋላ ሁምቦ ላይ ለውሃ ፕሮጀክት ሹፌር ሆነ። አንድ ፊንላንዳዊ ኢንጂነር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሌሎች መኪኖች የቆሙበትን ጭቃ ሚልክያስ እንዴት እንደሚሻገረው አንድ ክረምት ሙሉ ሲያይ ከረመ። የኢንጂነሩ ወንድም በአገራቸው ሰሜን፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ሰዎች ውድ መኪና መንዳት የሚማሩበት ድርጅት አለው። ሚልክያስ ለአንድ የበረዶ ወቅት ተቀጥሮ በኅዳር ሄደ።

በታኅሣሥ ቪዲዮ መምጣት ጀመረ። ዝቅ ያለ ቀይ የስፖርት መኪና ነጭ ሜዳ ላይ በጎኑ ይንሸራተታል፤ ከኋላው የበረዶ ብናኝ እንደ ዱቄት ይነሣል። መስኮቱ ይወርድና ሚልክያስ «ሳሮ፣ ሶዶ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ብርማ ነው። በሚቀጥለው ቢጫ። የቤቴል ታናሽ ወንድም ይስሐቅ መኪኖቹን ለአባቱ በስማቸው ይዘረዝርላቸዋል።

«ይሄ ፖርሽ ነው፣ አባዬ።»

«በረዶው ሳይቀልጥ ይከርማል?»

«አራት፣ አምስት ወር።»

«ታዲያ እዚያ ያለው ሰው ምን ይበላል?» ይሉና አቶ ኤርካሎ እንደገና እንዲያሳያቸው ይጠይቃሉ።

ሰው በየሳምንቱ በሌላ መኪና መሪ ላይ ከታየ፣ በዴሳ ገበያ ላይ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ የመኪና ነጋዴ ነው። በጥር መጨረሻ አቶ ኤርካሎ ራት ላይ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «የዚያ ልጅ ሽማግሌዎች መምጣት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው» አሉ።

ቤቴል በዚያች ራት ዝም ብላ በልታለች። ነጋዴ እንዳልሆነ ግን ታውቅ ነበር።

ቪዲዮዎቹን የምታያቸው ደም በምታይበት ዓይን ነው። በሁሉም ውስጥ ፀሐይዋ አንድ ከፍታ ላይ ናት፤ የመኪናው ጥላ የመኪናውን አሥር እጥፍ ያህላል። በሁሉም ውስጥ ሚልክያስ የለበሰው ጃኬት አንድ ነው፤ ደረቱ ላይ ስድስት ቁጥር ተሰፍቶበታል። የመኪኖቹም በር ላይ ትንንሽ ቁጥር ተለጥፏል። በሁሉም ውስጥ ደግሞ በረዶው ላይ የሌላ ጎማ ዱካ የለም። ይህ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይነዳል። ባለቤት እንደዚህ አይነዳም፤ ተቀጣሪ ነው እንደዚህ የሚነዳው። እዚህ ውጤት ላይ የደረሰችው በሦስተኛው ቪዲዮ ነው። ለማንም አልተናገረችም። በሩን የከፈተው ስሕተት ስለሆነ፣ ስሕተቱን መንካት ፈራች።

መጋዘኑ ውስጥ፣ በጓንት ካርቶኖች መሀል ተቀምጣ ደብዳቤውን ከፈተች።

«ቤቲዬ፣

በድምፅ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም አጠፋሁት። ስለዚህ እጽፋለሁ።

መኪኖቹ የእኔ አይደሉም። አንዱም። ቀኔን ልንገርሽ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ ሐይቁ ላይ እንወጣለን። በመሰርሰሪያ አምስት ቦታ እንበሳለን፤ የበረዶውን ውፍረት እለካና ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በየካቲት ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር ደርሶ ነበር። ከሥሩ ውሃ አለ፤ መጀመሪያ ሰሞን እሱን እያሰብኩ በጣቴ ጫፍ እራመድ ነበር። ብርዱ አንድ ቀን ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ሆነ። የዓይኔ ሽፋሽፍት እርስ በርሱ ተጣብቆ በእጄ አላቅቄዋለሁ። ከዚያ ትራክተሩ መንገዱን ይጠርጋል። ፀሐይ ስትወጣ፣ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ እያንዳንዱን መኪና ጥቂት ዙር እነዳዋለሁ፤ ዘይቱ እንዲሞቅ፣ መንገዱም እንዲፈተሽ። ቪዲዮዎቹ የዚያ ሰዓት ናቸው። ከቀኑ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ።

ስለ ሃምሳው ደቂቃ አልዋሸሁም። ጎማዎቹ ሚስማር አላቸው፤ በረዶውን ሲነክሱ በመቀመጫው በኩል ይሰማሻል። መታጠፊያው ሲደርስ ፍሬን አልይዝም፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ብቻ አነሣለሁ። ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ኋላው ይለቃል፣ መኪናው በጎኑ ይሄዳል። መንገዱን የማየው በፊት መስታወቱ ሳይሆን በበሩ መስኮት ነው። ያኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም፤ መኪናው የሚያውቀው እጄን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የቀረጽኩልሽ። እንድታዪኝ ፈልጌ ነው።

እንግዶቹ ሲመጡ ሥራዬ ገመድ ነው። በፍጥነት ታጥፈው የበረዶ ክምር ውስጥ ይገባሉ። እኔ በአካፋ እቆፍራለሁ፣ ገመዱን መኪናው ፊት ካለው ቀለበት ላይ አስራለሁ፣ ትራክተሩ ይጎትታል። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። መስኮት አውርደው ያመሰግኑኛል፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ፊቴ የተሸፈነ ስለሆነ ግን በማግስቱ አያውቁኝም።

ይስሐቅ በታኅሣሥ ‹ይሄ የአንተ ነው?› ብሎ ጻፈልኝ። ‹አይደለም› ለማለት አምስት ፊደል ይበቃ ነበር። እኔ የሚስቅ ፊት ላክሁለት። ውሸቴ ያች ናት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእሷ ልጅ ነው። አሁን አባትሽ በር የከፈቱት ለዚያ ለሚስቀው ፊት እንጂ ለእኔ አይደለም። አንቺም በሠፈሩ ‹ባለ ዘጠኝ መኪና ነው› እያልሽ እንደምታወሪ ይስሐቅ ነግሮኛል። አልፈርድብሽም፤ ያየሽው ያሳየሁሽን ነው።

ከቃልሽ ፈትቼሻለሁ። ረቡዕ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ሐሙስ እናቴ ጋ ነኝ። ቅዳሜ ሽማግሌ አይመጣም።

ሚልክያስ»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባለ ዘጠኝ መኪና ብላ ለማንም አላወራችም፤ ይስሐቅ የራሱን ወሬ በእሷ ስም ልኮታል። ያ አልከበዳትም። የከበዳት እንድታየው ፈልጎ መቅረጹ ነው። አይታዋለች እኮ። ከማንም በላይ አይታዋለች። ብትደውልለት መስመሩ ስላልሠራ በፍጥነት ጻፈችለት፤ ከሦስተኛው ቪዲዮ ጀምሮ ታውቅ እንደነበር፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ዱካው። ሲያነበው ደስ የሚለው መሰላት። ሠራተኛውን ነው የወደድኩት ማለቷ ነበርና።

ረቡዕ ቀትር ላይ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«የጻፍሽው እውነት ነው? ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ሚልኪ። መኪናው ለእኔ ምኔም አይደለም። እኔ ...»

«እና ዝም አልሽ።»

«አባዬ በሩን የከፈተው በዚያ ነው። ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ይዘጋል።»

ከጀርባው የመንገድ ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ ከጥር ወዲህ ገበያ እንዳልወጣችስ ታውቂያለሽ?»

ቤቴል ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አባትሽ ሰው ልከውባታል። ሠርጉ እስኪያልፍ ሸክላ ይዛ ሶዶ ላይ እንዳትታይ። የመኪና ነጋዴ እናት አይደለች? እኔን ‹ወገቤን አሞኝ ነው› ነው ያለችኝ። ትናንት ማታ ነው ከጎረቤት የሰማሁት።»

«አላወቅሁም።»

«አንቺ?» አለ። ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እዚያ ድረስ የመኪናውን ጥላ የለካሽው አንቺ?»

ስልኩ ተዘጋ። የሸክላ ተራው ከቤቷ ወደ ጸሎት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አሥር ቅዳሜ ለመዘምራን ልምምድ በዚያ አልፋለች። አሥሩንም ቅዳሜ በልቧ በረዶ ላይ ነበረች። የእናቱን የወይዘሮ ሽታዬን ባዶ ቦታ አላየችውም።

ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ በሚኒባስ ወደ ሁምቦ ወረደች። ከዋናው መንገድ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። የሶዶ ዝናብ እዚያ አልደረሰም፤ አቧራው ትኩስ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬን ቤታቸው ጥላ ሥር የቦዬ ሥራ ሥር ሲልጡ አገኘቻቸው። የሸክላ አፈሩ ጥግ ላይ ተቆልሎ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በግድግዳው ሥር አሥራ ሦስት ማሰሮ ከነአቧራው ተደርድሯል።

«ሳሮ፣ ልጄ። ለምን ለብቻሽ መጣሽ? ሰው ቢያይሽስ?»

«ይየኝ፣ እማማ።»

ተቀመጠች። አንደኛዋ ማሰሮ የዳጣ በርበሬ ማስቀመጫ ነበረች፤ ሁለት እጅ የምትሞላ፣ አፏ ላይ ጣት የተጫነበት ጌጥ ዙሪያውን የሚዞር። ቤቴል ሳታስበው የጣቶቹን ምልክት ተከተለች። በመሀላቸው ያለው ርቀት የትም ቦታ አንድ ነው።

«ይህንን በምን ነው የሚለኩት?»

«በምን እለካዋለሁ?» ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን አነሡ። «በዚሁ ነው።»

የእጃቸው መስመሮች ንጹሕ ነበሩ። ስንጥቁ ውስጥ ጭቃ የለም። ቤቴል እነዚያን እጆች ከዚህ በፊት ገበያ ላይ አይታቸዋለች፤ ሁልጊዜ ቡናማ ነበሩ። ንጹሕ እጅ ሰውን እንዲህ ሊያሳዝን እንደሚችል አስባ አታውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ቦዬውን መላጥ ቀጠሉ። «ልጄ አገባ ለመባል እኔ ብቀመጥ ምን አለበት ብዬ ነው። ጡረታ አወጡኝ አልኩ።» ፈገግ አሉ። «ግን ቀኑ አይመሽም። ጭቃ ሳልነካ ቀኑ አልመሽ አለኝ።»

ሚልክያስ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ ገባ። ከስቷል። ጉንጮቹ ላይ ብርዱ የቆዳውን ቀለም አጥቁሮታል። ቤቴልን ሲያይ ጀሪካኖቹን በቀስታ አስቀመጠና «መንገድ ድረስ ልሸኝሽ» አለ። አምስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ።

ጎን ለጎን፣ በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ተራመዱ።

«ለአቶ ዳልጮ ዛሬ ማታ ደውዬ ቅዳሜ ቀርቷል እላቸዋለሁ» አለ። አቶ ዳልጮ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሽማግሌዎቹ መሪ ናቸው።

«አትደውል። ይምጡ። እኔ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ያየሁትን።»

«አባትሽ ያባርሯቸዋል።»

«ያባርሯቸው። በውሸት ከሚቀበሏቸው በእውነት ቢያባርሯቸው ይሻለኛል።»

«ከታኅሣሥ እስከ ዛሬ እንዲህ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም» አለች። «ፈሪ ነበርኩ። አንተን ላለማጣት ብዬ አንተን ደበቅሁህ። የሚያኮራኝን ሰው ትቼ አባቴን የሚያኮራውን አሳየሁ። ከፈለግህ ጥላኝ፣ ሚልኪ። ግን እናትህን ማን እንዳስቀመጣቸው እዚያ ቤት ውስጥ መነገር አለበት። እኔ ካልተናገርኩት ማንም አይናገረውም።»

ቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ በሩን ከፍቶላት ወደ ኋላ አለ። እጇን አልጨበጣትም። እስከ ሶዶ ድረስ ያልተጨበጠ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የራሷ እንዳልሆነ ነገር እያየችው ሄደች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ሚልክያስ ለአቶ ዳልጮ እውነቱን ነግሯቸው ነበር፤ ቅዳሜን ግን አላስቀረም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጡበትን ሚኒባስ የሚነዳው ሚልክያስ ራሱ ነው። ጠያቂው ወደ ቤት አይገባምና ከበሩ ውጭ መሪው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ቤቴል ከጓዳው መስኮት የመኪናውን ጣሪያ ብቻ ታያለች። ልጅቷም ካልተጠራች ሳሎን አትገባም።

ጸሎት ተደረገ። አቶ ዳልጮ ቆመው፣ ቃላቸውን እየመረጡ፣ ስለ ልጁ ጠባይ ጀመሩ። ሥራው ላይ ሲደርሱ አቶ ኤርካሎ በደስታ አቋረጧቸው።

«ሥራውንማ እናውቃለን፣ መምህር። ይስሐቅ፣ እስቲ ለአባቶች አሳያቸው። በትልቁ።»

ይስሐቅ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነጩ ሐይቅ ተዘረጋ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብርማው መኪና በጸጥታ በጎኑ ይንሸራተታል።

ቤቴል መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። ሽማግሌዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። ይስሐቅ «አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ?» አለ።

«አቁመው» አለችው። ምስሉ ቆመ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደች። ድምፅዋ የቤተ ሙከራ ውጤት ስታነብ የሚወጣው ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ብትጠቀም እንደምታለቅስ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ይሄ በር ላይ ያለው ቁጥር የድርጅቱ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ስድስት የሠራተኛ ቁጥሩ ነው። በረዶው ላይ ሌላ ዱካ የለም፤ እንግዶቹ ገና አልመጡም። ለእንግዶቹ መኪናውን እያሞቀ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ በበረዶ የተቀበረ መኪና በገመድ ይጎትታል። ሚልክያስ አንድም መኪና የለውም። ነጋዴም አይደለም።»

አቶ ኤርካሎ ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ አቶ ዳልጮን አዩ። መምህሩ በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄንን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከታኅሣሥ።»

«በዴሳ ላይ ለሰው ስናገር?»

«አውቅ ነበር።»

«በጸሎት ቤት ቆሜ እግዚአብሔር አከበረን ብዬ ስመሰክር? አንቺ መዘምራን መሀል ነበርሽ።»

«አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ዝም ብለሽ አየሽኝ።» ይህንን ያሉት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሊመቷት ቢነሡ ኖሮ ይህን ያህል አይጎዳትም ነበር።

«ዝም አልኩ። ስላፈርኩበት አይደለም፤ በሩ ይዘጋል ብዬ ነው። በእኔ ዝምታ ግን እማማ ሽታዬ አሥር ቅዳሜ ገበያ አልወጡም። ሐሙስ አየኋቸው። አፈራቸው ደርቋል። እጃቸው ...» እዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ድምፅ ከዳት። «እሱን ብቻ ነው የምፈልገው። የሸክላ ሠሪዋን ልጅ። ገመድ የሚጎትተውን። በሩን ከዘጋህ ዝጋው፤ የምትዘጋው ግን በማን ላይ እንደሆነ አውቀህ ይሁን።»

ይስሐቅ ስልኩን ነቅሎ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያልነካውን የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከጉልበቱ አጠገብ ወደ መሬት አወረደው።

«ሰው የላክሁባት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ኤርካሎ፣ ለማንም ሳይሆን። «ይስሐቅን ላክሁት። ‹ለጥቂት ጊዜ ነው በላት› ብዬ። ምን አለች?»

ይስሐቅ ወለሉን አየ። «‹እሺ› አለች፣ አባዬ። ውሃ ሰጠችኝ።»

«ጠጣህ?»

ይስሐቅ ጫማውን አየ።

አቶ ዳልጮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ኤርካሎ፣ እንነሣ ወይስ እንቀመጥ?»

አቶ ኤርካሎ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆርቆሮውን የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። «እናንተ እስካሁን ስለ ሌላ ሰው ነው የጠየቃችሁኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም በሬን የከፈትኩት ለዚያ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው የለም። ስለዚህኛው ግን ገና ማንም አልጠየቀኝም።»

መምህሩ ለአፍታ አዩዋቸው። ከዚያ ኮታቸውን ቆልፈው እንደገና ቆሙ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ተከተሏቸው።

«የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ሽታዬ ልጅ፣ በሰው አገር በረዶ ላይ ገመድ ጎትቶ የመጣው ሚልክያስ ባዳቾ፣ ልጅዎን ቤቴልን ይጠይቃል።»

በዚያ ቤት ውስጥ እነዚህ ቃላት ጮክ ተብለው ሲነገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ዛሬ መልስ የለኝም» አሉ አቶ ኤርካሎ። «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ኑ። እናቱም አብራችሁ ትምጣ።» ቆም አሉ። ወይዘሮ ሽታዬ በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ እዚያ ደጅ ደርሰዋል፤ ማሰሮ አስረክበው ከውጭ ተመልሰዋል። አቶ ኤርካሎ ከራሳቸው ወንበር ቀጥሎ ያለውን በእጃቸው አመለከቱ። «እዚህ ትቀመጣለች። ማዕዱም ከእኛው ጋር ነው። እሷን ፊት ለፊት ሳላይ ምንም አልናገርም።» ወደ ቤቴል ግን አልዞሩም። «አንቺን ለብቻሽ አነጋግርሻለሁ። ዛሬ አይደለም። ዛሬ ድምፄ አይታዘዘኝም።»

ዝናቡ ውስጥ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ሚልክያስ የመጣውን መልስ ፊቷ ላይ እየፈለገ የሚኒባሱን መስኮት አወረደ።

«ቀጠሮ ሰጡ» አለች።

«ለማን?»

«ለአንተ። በስምህ። በእናትህ ስም።» ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «እናትህ ሳሎን ይቀመጣሉ። ከአባዬ አጠገብ። አብረው ይበላሉ።»

ፊቱን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞረ። መሪውን የያዙት እጆቹ በብርድ ተሰነጣጥቀዋል፤ በየጣቱ መገጣጠሚያ ላይ የገመዱ ጠባሳ አለ። ከዚህ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ እጆቹን ያለ ጓንት ያየችበት አንድም አልነበረም።

«አሁንም ተቀይሜሻለሁ፣ ቤቲ» አለ ሳይዞር።

«አውቃለሁ።»

«ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«ይቆይ። እኔም እቆያለሁ።»

ያኔ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። በአባቷ ደጅ፣ ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው እየወጡ ሳለ፣ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አልነበረም። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ እጇን ጨበጣት፤ ሽማግሌዎቹ በሩን ከፍተው እስኪገቡ ድረስ አለቀቃትም።

መኪናው ሄደ። ቤቴል ዝናቡ ውስጥ ቀረች። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደረቷ ውስጥ የኖረው ፍርሃት አሁን የለም። ቦታው ግን ያማል፤ ጠባብ ጫማ ቀኑን ሙሉ አድርጎ ያወለቀ እግር እንደሚያመው ያማል። ከቤት ውስጥ አባቷ ሲስሉ ሰማች። ልታጽናናቸው መግባት ፈለገች፣ ፈራችም። ውሃው በፊቷ ላይ ሲወርድ ቆመች። ደስታ እንዲህ ከባድ ሆኖ ይመጣል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።